ከመስኮቱ ሥር የቆመው ዩካ

ጥቅምት 4
ሌሊቱን ባሳለፈኝ፣ ንጋቱን ባሳየኝ አምላክ ስም። ዛሬም እንደ ወትሮው ዩካውን ውኃ አጠጣሁ። ቁመቱ ከእኔ በልጧል፤ ቅጠሉ እንደ ጦር ሹል ነው። ዐይኗን ባጣችው በታላቅ እኅቴ መስኮት ሥር የተከልሁት ሌባ እንዳይደፍራት ብዬ ነበር።

ጥቅምት 9
እትዬ ቁርሷን አልነካችም። በመስኮቱ በኩል ሰው ቆሟል አለች። ዩካው መሆኑን አስረዳኋት።
«ዩካውንማ አውቀዋለሁ። ይኼ ይተነፍሳል።»
ነፋስ ነው አልኋት... ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ ግን አልነበረም።

ጥቅምት 15
ልጄ መጣች። ፍርሃቱ ካልለቀቃት አክስቷን ወደ አረጋውያን መኖሪያ እንደምትወስዳት ቁርጡን ነገረችኝ። አንተም ደክመሃልና ብቻህን አትችላትም አለችኝ። እትዬ ከአልጋዋ ሆና ሰምታ ኖሯል።
«እኔን ከምትወስዱ እሱን ውሰዱት። እኔ መራመድ ተስኖኛል፤ እሱ ይራመዳል።»
ልጄ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ስልሳ ዓመት አብራኝ የኖረችን እኅት በባዕድ እጅ እንዴት እጥላለሁ?

ጥቅምት 16
አትክልተኛውን ጠርቼ ዩካውን ከግንዱ አስቆረጥሁ። ሥሩ ካልወጣ ድካም ነው ብሎኝ ነበር። የቤቱ መሠረት እንዳይናጋ ሰግቼ ከለከልሁት።

ኅዳር 3
ከጉቶው ሦስት ቡቃያ ወጣ። ለማንም አልተናገርሁም። እትዬ ሻይዋን ፉት እያለች፣
«ወንድምዬ፣ አንዱን አባርረህ ሦስት አመጣህብኝ?» አለችኝ።
ማን ነገራት?

ኅዳር 11
ቡቃያዎቹ ደረቁ። ማንም አልነካቸውም። ምስጋና ይገባ ነበር... ለምን ልቤ አላረፈም?

ኅዳር 20
ልጄ ስትመጣ አክስቷ ስትቀልድ አገኘቻት። ትበላለች፤ ትተኛለች። የመኖሪያው ነገር ቀርቷል፤ ልጄ ጸሎትህ ሰመረ ብላኝ ሄደች። ፍርሃቱ እንዴት እንደ ለቀቃት እትዬን ጠየቅኋት።
«ሰው ደጅ ሲቆም ነው የሚያስፈራው። ከገባማ ቤተኛ ነው።»
አልጋዋን ፈቀቅ አደረግሁ። ወለሉን ሰንጥቆ ሹል ቡቃያ ወጥቷል። ብርሃን አላገኘምና እንደ በሽተኛ ጣት ገርጥቷል። ልነቅለው ጎንበስ አልሁ።
«ተወው፣ ወንድምዬ። እሱን ከነቀልኸው ፍርሃቴ ይመለሳል፤ እኔንም ይወስዱኛል።»
አልጋውን ወደ ቦታው መለስሁት።

ታኅሣሥ 2
አልነቀልሁትም። እትዬ ከእኔ ጋር ናት። እኔም ሰሞኑን እንደ ሕፃን ያለ ጭንቀት እተኛለሁ... ከምን የተነሣ? የራሴን አልጋ ፈቀቅ አድርጌ አላየሁም። አላይምም።
ከእኔ በኋላ ይህን የሚያነብ ቢኖር፣ አምላክ እርሱንና ቤተሰቡን ይባርክ። ደጁን ብቻ ሳይሆን ወለሉንም ይጠብቅለት።