ሐኪሟ ያን ቀን ያለችው

ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ብርዱ እንዴት አደረገሽ? ሳልሽ ተወሽ ወይ? የማደሪያሽ ማሞቂያ ተሠራ ወይስ አሁንም ካፖርትሽን እንደለበስሽ ነው የምትተኚው? እኔ ተመስገን ነው፤ ጉልበቴም ወገቤም እንደ ዕድሜያቸው ናቸው። የጤናው ነገር በዚህ ይብቃን። ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት ልቆጣሽ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ድምፅሽን ስሰማ ቁጣዬ ስለሚከዳኝ ነው። "አባዬ" ብለሽ ስትስቂ እኔም ሳላስበው ስስቅ እገኛለሁ፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ በራሴ እናደዳለሁ። ወረቀት አይስቅም። የክፍል ጓደኛሽ ሐሙስ ወደዚያ ስለምትበር በእሷ እጅ እልከዋለሁ።

አንቺ ለሴሚስተሩ ቻይና ከሄድሽ ወዲህ ጫማ ፋብሪካው በአንቺ ቦታ ሌላ አስተርጓሚ ቀጥሯል። ራሰ በራ፣ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። የገባለትን ሁሉ ሳያስቀር ስለሚያወጣ ሠራተኛው "ራዲዮ" ይለዋል። ባለፈው ማክሰኞ የመቁረጫው ቢላ ደንዝዞ ሦስት ቆዳ አበላሸብኝ። ቻይናዊው ኃላፊያችን፣ ባለመነጽሩን ማለቴ ነው፣ መጥቶ ሲጮህብኝ እኔም እንደ ልማዴ "ቢላውም እንደ አንተ ጭንቅላት ደንዝዟል በለው" አልኩ። ራዲዮም አለው።

ልጄ፣ ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ቀስ ብሎ ተናገረ። ራዲዮ ሲተረጉምልኝ፣ "እኚህ ሽማግሌ ዛሬ ምን ነካቸው? ሁለት ዓመት ሙሉ በልጃቸው በኩል ጤናዬን ሲጠይቁ፣ ትዕግሥቴን ሲያመሰግኑ የኖሩ ሰው!" ብሏል። አጠገቤ ሶል የምትለጥፈው ሴትዮ ሙጫዋን አስቀምጣ፣ "ውይ ጋሼ! እኛ የሚሳደቡልን መስሎን፣ ለካ ሲመርቁት ነው የኖሩት!" አለች። ያ ሁሉ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

እኔ ግን በዚያ አላበቃሁም። "ከክፍሉ ሁሉ እንደ አንተ ያለ እጅ የለም" ብሎኝ ነበር በአንቺ በኩል፤ እውነት ብሎ እንደሆነ ጠይቅልኝ አልኩት ራዲዮን። እንደዚህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሲለኝ የኖረው "ቆዳ አባካኝ" ነው። ያንን ያንቺን ሙገሳ ነው እንግዲህ እኔ ሞኙ ማታ ማታ ለእናትሽ እየደጋገምኩ ሳወራላት የኖርኩት።

በሰው ፊት አዋረድሽኝ። እንጀራዬን ልትጠብቂ እንደሆነ አልጠፋኝም፤ ያልኩትን ሁሉ ብትነግሪው ኖሮ በሳምንቱ ከበር ውጪ ነበርኩ። ግን ማን ላከሽ? እኔ አባትሽ ነኝ ወይስ ከረሜላ እየሰጠሽ የምታባብይው ሕፃን?

ይህን እንኳ ዋጥ አደርገው ነበር። ያቃጠለኝ ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ የመጣብኝ ሐሳብ ነው። ፋብሪካ ውስጥ እንደዚህ ካደረግሽ፣ እናትሽ በተኛችበት ሆስፒታል ውስጥስ?

ያቺ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ቻይናዊት ሐኪም ከእናትሽ አልጋ ግርጌ ቆማ ብዙ ተናገረች። በጣም ብዙ። አንቺ ዞር ብለሽ ያልሽኝ ግን ይቺን ታህል ናት፦ "መድኃኒቱ እየሠራላት ነው፤ ዕረፍት ነው የሚያስፈልጋት፤ በሁለት ሳምንት ቤት ትገባለች።" አመንኩሽ። ስትገባ ደስ ይበላት ብዬ ከሥራ የተረፈኝን ሰዓት ሁሉ ክፍሏን ቀለም ስቀባ ሰነበትኩ። በዘጠነኛው ቀን መሰላል ላይ እንዳለሁ ነው የተጠራሁት። ስንቀብራት ቀለሙ ከጥፍሬ አልለቀቀም ነበር።

አንቺ የማታውቂው ነገር አለ። እናትሽን፣ እናቷ የሞተች ጊዜ ለቀብር እንዳትሄድ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ገና ጡት ትጠቢ ነበር፤ "ልጅቷን ማን ይይዛታል?" አልኳት። ሃያ ዓመት አንድ ቀን አላነሳችብኝም፤ እኔም አላነሳሁም። ለእግዚአብሔር ስንቴ የነገርኩትን፣ ለእሷ አንዴ እንኳ ለመንገር አፌ ታስሮ ኖረ። በቃ፣ ቤት ስትገባ፣ በዚያ አዲስ ቀለም በተቀባ ክፍል ውስጥ አስቀምጬ ይቅር በይኝ ልላት ቆርጬ ነበር። "አባዬ፣ እየሞተች ነው" ብትይኝ ብሩሹን ወርውሬ ከአልጋዋ አጠገብ አልነሣም ነበር። ዘጠኝ ቀን ሰረቅሽኝ! የፋብሪካውን ይቅር ብያለሁ፤ ይህንን ግን በምን ጉልበቴ? ስለዚህ ጻፊልኝ። ሐኪሟ ያን ቀን ያለችውን ሳታለሳልሺ፣ ሳታሳጥሪ፣ እንዳለችው ጻፊልኝ።

እዚህ ድረስ የጻፍኩት ትናንት ነው። በቁጣ መጸለይ አልሆነልኝም። ተንበርክኬ ያን ቀን ከመጀመሪያው ጀምሬ አሰብኩት።

ነርሷ፣ "የሆስፒታሉ አስተርጓሚ ዛሬ የለም፤ ነገ ይመጣል፤ ብንጠብቅ ይሻላል" ብላ ነበር። "ምን ሲደረግ! ልጄ እያለች?" ያልኩት እኔ ነኝ። ትከሻሽን ይዤ ወደ ፊት ገፋሁሽ። በጆሮዬ "አባዬ፣ እኔ እኮ የምችለው የፋብሪካ ቻይንኛ ነው" ስትይኝ፣ "አታሳፍሪኝ" አልኩሽ። ሐኪሟ ስትናገር ራስሽን ትነቀንቂ ነበር፤ እኔ የገባሽ መሰለኝ። ላብ ከግንባርሽ ይወርድ ነበር፤ ክፍሉ ሞቆሽ መስሎኝ መስኮት ከፈትኩልሽ።

ከቀብሩ ወር ሳይሞላ የሴሚስተሩን ፎርም ይዘሽ መጣሽ። "ቻይንኛዬን ላሻሽል" ስትይኝ ለተሻለ ሥራ መሰለኝ። እዚያ በደረስሽ በሳምንቱ የሕክምና መዝገበ ቃላት ገዛሁ ብለሽ ስትደውዪልኝ፣ "ምነው፣ ጫማውም ይታመም ጀመር እንዴ?" ብዬ ቀለድኩብሽ። ያን ቀን ብቻ አልሳቅሽም።

ከላይ የጠየቅሁሽን አትመልሺልኝ። እውነቴን ነው፣ አንድ ቃል እንዳትጽፊ። ገጹን ልቀደው ነበር፤ ግን ከእንግዲህ በእኔና በአንቺ መካከል የተለሳለሰ ነገር አይለፍ ብዬ ተውኩት። ቁጣዬም አልበረደም፤ ወደ ማን እንደሚሄድ ግን አሁን አውቄዋለሁ።

ትምህርትሽን ጨርሺ። ሳትጨርሺ እንዳትመጪ። ያንን መዝገበ ቃላት ግን አንዳንዴ ዝጊና ከእኩዮችሽ ጋር ውጪ።

እግዚአብሔር መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልኝ። በማታውቂው ቃል ፊት ብቻሽን አያቁምሽ፤ ከኋላ የሚገፋሽንም እጅ ያርቅልሽ።

አባትሽ