የቀኙ ሳጥን

ጥቅምት 4

ከሥራ ስመለስ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ጎራ አልኩ። ሱቁን ሊዘጉ ነው። ጉልበታቸው አላስቆም ብሏቸዋል። ወንበሩ ሄዷል፣ መስታወቱም ተነቅሏል… የነበረበት ቦታ ብቻ ነጣ ብሎ ይታያል። የቀሩት ሁለቱ ስፒከሮች ናቸው። እነዚያን ረጃጅም የእንጨት ሳጥኖች ስንት ዘመን ከመስታወቱ ግራና ቀኝ ቆመው ሳያቸው ኖርኩ! ለፀጉር ሳይሆን ለእነሱ ብዬ የሄድኩበት ቀን ይበልጣል። ያኔ ደግሞ ፀጉርም ነበረኝ።

«ውሰዳቸው» አሉኝ። «ውስጣቸው ያሉት ትልልቆቹ ድምፅ ማውጫዎች ደክመዋል፣ ይንኮሻኮሻሉ። ትንንሾቹ ግን ደህና ናቸው። ጠግነህ ስትጨርስ ጥራኝና አንዴ ልስማቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

በታክሲ ጭኜ መጣሁ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «እነዚህ ደግሞ የት ሊተኙ ነው?»

«አንቺ አጠገብ።»

«እንግዲያው አንተ የት ልትተኛ ነው?» ብላ ገባች።

ጥቅምት 6

ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡትን፣ ትልልቆቹን፣ ፈታሁ። ከላያቸው ያሉትን ትንንሾቹን፣ የቀጭኑን፣ አልነካሁም። የትልልቆቹ ወረቀት ደህና ነው፣ ዙሪያውን የያዘው ስፖንጅ ግን ገና በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። እንዲህ ሆነው ነው እስከ ዛሬ የዘፈኑት?

ሳጥኑ ውስጥ ምን አገኘሁ… ፀጉር! ጥቁር፣ ሽበት፣ የሕፃን ለስላሳ ፀጉር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ውስጡ አለ። የኔም ሳይኖርበት አይቀርም። መልሼ ልለጥፈው ይሆን?

ባለቤቴ ትከሻዬን ነካችኝ። «ሦስቴ ጠራሁህ እኮ!»

«ሥራ ላይ ነኝ» አልኳት።

ጥቅምት 11

የምሠራበት አዳራሽ ዛሬ ሞልቶ ነበር። እኔ ድምፅ ማስተካከያው፣ ሚክሰሩ ላይ ነኝ። አስተዋዋቂዋ መድረክ ላይ ሆና፣ «ጋሼ ጆሮ፣ ዛሬ ጆሯችንን ሊበሱን ነው እንዴ?» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሳቁ። ጆሮ ያሉኝ እኮ ዓይኔን ጨፍኜ የትኛው ማይክ እንደታመመ ስለምናገር ነው። የፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡት ጆሯቸውን ይዘዋል። ምን ሆነው ነው?

አለቃዬ መጥቶ፣ «ቀጭኑን ትንሽ ቢቀንሱልን…» አለኝ። ልጄ ሊሆን የሚችል ልጅ! የአዳራሹ ስፒከሮች አርጅተዋል፣ ያ ነው ነገሩ፤ ቀጭኑ ባይጨመርላቸው ማን ቃል ይለያል? እሱ ግን ቀንሶት ሄደ። እኔም እሱ ዞር ሲል መለስኩት።

ጥቅምት 15

ስፖንጁ የትም የለም። የአሮጌ ቆዳ ጃኬቴን እጅጌ ቀደድኩና ዙሪያውን በክብ ቆርጬ በኮላ አጣበቅሁት። ስስ ቆዳ ስለሆነ ይታጠፋል፣ ይመለሳል። አሪፍ ሆነ!

«ጃኬቱን ለስፒከር አለበስከው» አለች ባለቤቴ። «ብርዱ ሲመጣ አንተ ስፒከሩ ውስጥ ግባ።»

ሳቅሁ። ደህና ቀን ነበር።

ጥቅምት 19

የመጀመሪያው ሙከራ። ወንበሬን መሃል ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፣ ከሁለቱም እኩል ርቄ። በቃሌ የማውቃትን ካሴት ከተትኩ፣ ሁለተኛው አዝማች ላይ ቃጭል የምትገባባትን። ወፍራሙ ድምፅ… እንዴት ብዬ ልጻፈው? ደረቴ ውስጥ ገባ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ምን አገባው ሌላው።

ግን ቀጭኑ ሁሉ ወደ ግራ ይሄዳል። ቀኙ አፉ ላይ ብርድ ልብስ እንደጣሉበት ነው። ቃጭሏም እንደ ድሮው አይደለችም፣ ከሩቅ ናት። ገባኝ። የቀኟ ትንሿ ሞታለች። «ትንንሾቹ ደህና ናቸው» ብለው ነበር ሽማግሌው… እሳቸው የሚያውቁት መቀስ ነው።

ባለቤቴ ስታልፍ፣ «ኧረ ለኔ ያምራል» አለች። «ምኑ ነው የታመመው?» ለሷ ሁሉም ያምራል።

ጥቅምት 20

እጄ ይቆረጥ።

የቀኙን ትንሿን ከፈትኳት። የምትከፈት አይደለችም፣ በምላጭ ነው። ውስጧ ያለችው ሽቦ ከፀጉር ትቀጥናለች። ትንፋሼን ይዤ ነበር… ጠቅ አለች። ከሥሯ። እሷን የሚበይድ መበየጃም የለም፣ የሚያያት ዓይንም የለም።

አሥሬ አገላብጬ አየኋት። ሌላ ጉድለት የላትም። የተቃጠለ የለም፣ የዛገ የለም። ከዚች በጣቴ ከበጠስኳት ሽቦ በቀር እንደ አዲስ ናት። ታዲያ ለምን አልዘፈነችም? ለምን?

ለዕቃ መሸጫው ልጅ አሳየሁት፣ «ይቺ እኮ የአያቴ እኩያ ናት» ብሎ ሳቀ። ምትክ የላትም።

ጥቅምት 22

ካሴቱን አጥፍቼ ነው የምጽፈው።

ሙያውን ያስተማረኝ ሰውዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ሕግ ነበረው። «ሳትፈታ አቀያይር። የቀኙን ግራ፣ የግራውን ቀኝ። በሽታው ከዕቃው ጋር ከሄደ ዕቃው ነው። እዚያው ከቀረ ሌላ ቦታ ፈልግ።» ለስንቱ አስተምሬዋለሁ! ራሴ ግን ዘለልኩት። ጆሮዬ ነገረኝ፣ አመንኩት፣ ምላጭ አነሳሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ… እኔማ የምለቅመውም የለኝ።

ዛሬ አደረግሁት። የግራውን ደህናዋን አውጥቼ ቀኙ ሳጥን ውስጥ ገጠምኳት። ታፈነች። ደህናዋ! እንግዲያው ሳጥኑ ነው አልኩ። ሽቦውን ሁሉ ለካሁ፣ ሁሉም ጤና። አምፕሊፋየሩን አየሁ፣ ጤና። ካሴቱ እየዞረ ነው። ብሎን ወደቀብኝ። ከበስተኋላዬ ተንከባለለና ጀርባዬን ለስፒከሮቹ ሰጥቼ ተንበረክኬ ስፈልግ… ቃጭሏ።

ጥርት ብላ። ከዚያው ከቀኙ ሳጥን።

ተነስቼ ፊቴን አዞርኩ። ጠፋች። ጀርባዬን ሰጠሁ። መጣች። ወንበሩን አዙሬ ተቀመጥኩ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ፣ ቀኙ ሳጥን በግራዬ ሆኖ። ግራ ጆሮዬን በጣቴ ደፈንኩ። የለችም። ለቀቅኩ። አለች።

ዕቃው አይደለም። እኔ ነኝ።

ጤነኛዋን ገደልኳት። በገዛ ጆሮዬ በሽታ እሷን ቀደድኳት። አዳራሹስ? የፊት ረድፉ ጆሯቸውን የያዙት… አስተዋዋቂዋ፣ አለቃዬ፣ ሁሉም ያውቁ ነበር ማለት ነው? ከኋላዬ ስንት ተባለ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የአዳራሹን ስፒከሮች አርጅተዋል እያልኩ ስከስ! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች፣ እሷን ሆንኩ።

ብሎኑን አላገኘሁትም።

ጥቅምት 23

ለማንም አልናገርም።

ጥቅምት 27

ሐኪም ቤት። ባለቤቴን አዳራሽ ነኝ አልኳት። የጆሮ ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ «አባቴ» ትለኛለች። አባቴ! ሥራዎ ምንድነው፣ ድምፁስ በየት በኩል ነው የሚመጣብዎ አለችኝ። ነገርኳት። የአዳራሹ ትልቁ ስፒከር ከሚክሰሩ በስተቀኝ ነው፣ ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ። ራሷን ነቀነቀች። የነርቭ ነው፣ አይመለስም።

«መለዋወጫ የለውም?» አልኳት።

የቀለድኩ መሰላት፣ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና አቆመች። ግራውም ጀምሮታል አለችኝ። ቀጭን ቀጭኑ ነው የሚቀድመው። ወፍ፣ የስልክ ጥሪ… «ከዚያ የሕፃናት ድምፅ፣ የሴቶችም።»

የባለቤቴ ድምፅ ቀጭን ነው። መጀመሪያ የወደድኩት ድምጿን ነበር። አንድ ደረጃ ላይ ስታወራ ሰማኋት፣ መልኳን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ኅዳር 2

አዳራሽ። ቀጭኑን ጨርሶ አልነካሁትም፣ አለቃዬ ዛሬም ቀንሶት ሄደ፣ እንዳደረገው ተውኩት። ሲያልቅ፣ «ዛሬ ግሩም ነበር ጋሼ!» አለኝ። በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ የሰማሁት ጭቃ ነው። ስንት ቀን የሰው ፊት እያየሁ ልሠራ ነው?

መንገድ ላይ ፀጉር አስተካካዩ አገኙኝ። «ምነው ጠፋህ? አላለቁም?»

«ትንሽ ቀርቷቸዋል።»

«ኧረ እኔም ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ቶሎ በል» ብለው ሳቁ። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ኅዳር 5

ሳጥኖቹ ላይ አንሶላ ጣልኩባቸው። ሬሳ ይመስላሉ።

ባለቤቴ ምሳ ላይ የሆነ ነገር አወራችኝ። ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን እንዳለች አላውቅም። እንዲህ ነው የሚጀምረው? ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እንዲህ ይርቃል?

ምንም አልሠራሁም። ምንም ልሠራ አልፈልግም።

ኅዳር 9

ከሥራ ስመለስ አንሶላው ተነስቷል። ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አድርጋ ትጠብቀኛለች።

«በል ክፈታቸው። ሽማግሌው በመንገድ ባየሁ ቁጥር ይጠይቁኛል፣ አፈርኩ።»

«አንዷ ትንሿ ተበላሽታለች።»

«በቀረችው።»

በሕይወት ያለችውን ወደ ቦታዋ፣ ወደ ግራ መለስኳት። ቀኙ እንደተፈለቀቀ ነው። አሁን እኔም ሳጥኖቹም ቀኛችን ሞቷል። ካሴቴን ላወጣ ስል እጄን ያዘችኝ። ከእህቷ ቤት አንድ ካሴት አምጥታለች፣ የማላውቃትን። «ይቺም ቃጭል አለቻት፣ እንዳንተዋ» አለችኝ። በቀኜ ተቀመጠች፣ ሁልጊዜ እንደምትቀመጠው።

ዘፈኑ ጀመረ። ወፍራሙ መጣ፣ ከነጃኬቴ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አጠገቤ ጎንበስ አለችና ጮክ ብላ፣ «ቃጭሏን ሰማሃት?»

«ሰማኋት» አልኩ። «ታምራለች።»

ዓይኔን ስገልጥ ስታየኝ አገኘኋት።

«ገና አልገባችም እኮ» አለች።

መሬት መሬቱን አየሁ። አልተቆጣችም። ተነሳች፣ ወንበሯን አንስታ በፊቴ አለፈችና በግራዬ አስቀመጠችው። ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ነገርኳት። ሁሉንም… ብሎኑን፣ ሐኪሟን፣ የምሳውን ሳቅ። አለቀስኩ፣ እንደ ሕፃን። እሷም አለቀሰች። «እኔ ከክረምት ጀምሮ አውቄያለሁ» አለችኝ። «እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው። አንተ ደግሞ ስፒከር ታርዳለህ!»

ለአለቃዬ ነገ እነግረዋለሁ። ፀጉር አስተካካዩ እሁድ ይመጣሉ። የቀኙን ማን እንደገደለው ከኔ አፍ ይሰሙታል።

ካሴቱ አላለቀም ነበር። እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገችና በግራ ጆሮዬ፣ «አሁን» አለችኝ።

ቃጭሏን አልሰማኋትም። «አሁን» ያለችውን ሰማሁ።