ያጠፋሁት ሰማያዊ መስመር

ሰኞ

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል! አለቃዬ አቶ ሁመድ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርገው "ሰናይት፣ እስቲ ይቺን እያት" ሲሉኝ የስብሰባ ጥሪ መስሎኝ ገፋ አድርጌው ሻዬን እጠጣ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተሞችን የሚረዳ አንድ የውጭ ድርጅት፣ የረጅም ጊዜ የልማት ዕቅዳቸውን ማደስ ለሚፈልጉ ከተሞች ድጋፍ እሰጣለሁ ብሏል። ማመልከቻው አሥራ ሁለት ጥያቄ አለው፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ደብዳቤው የት የት ሲዞር እንደከረመ አላውቅም፣ ሰመራ፣ እኛ የከተማ ፕላን ቢሮ የደረሰው ግን ዛሬ ነው። አለቃዬ እንደሁ ሰው ሲቸኩል አይወዱም፤ ዛሬ ግን ራሳቸው ሁለት ጊዜ ተመልሰው መጥተው "ጀመርሽ?" አሉኝ።

ዕቅዳችን መታደስ እንዳለበት ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ያኔ ሲሠራ ሰመራ ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ነበረች። አሁን ቤቱ ከሰመራ ተነስቶ ከጎረቤታችን ከሎጊያ ሊገጥም ምንም አልቀረው። ካርታው ላይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባው መናፈሻ ዛሬ ኮንቴይነር የጫኑ የጅቡቲ መኪኖች ተደርድረው የሚያርፉበት ነው። እኔ ራሴ ከኮምቦልቻ "ለአንድ ዓመት" ብዬ መጥቼ ይኸው ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከተማዋም እንደ እኔ ሳታቅድ ነው የቆየችው።

ለሥራው ያለን ኃይል፦
— ሁለት ኮምፒውተር (አንደኛው የሚሠራው ደስ ሲለው ነው)
— እኔ
— ዘህራ

ዘህራ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያችን ናት፤ የአፋምቦ ልጅ። ስትስቅ ከኮሪደሩ ማዶ ያለው ፋይናንስ ቢሮ ድረስ ይሰማል። ስነግራት "አምስት ቀን? ይበቃናል እኮ!" አለች። ጥያቄዎቹን ገና አላነበበችም።

ማክሰኞ

ሙቀቱ ስለበረታ ሥራ የምንገባው ማለዳ ነው። እስከ አምስት ሰዓት አራት ጥያቄ ጨረስኩ። በራሴ ኮርቼ ለዘህራ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ፣ "ሰኒ፣ 'ዘላቂ' የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍሽው ታውቂያለሽ?" አለችኝ። ቆጠርን። አንድ አንቀጽ ላይ ብቻ ስድስት! ደግሞ፣ "እስቲ ይሄን ለእናቴ በአፋርኛ ላስረዳት ብል ምን እላታለሁ?" አለች። ሦስት አንቀጽ ሰረዝኩ።

ሰባተኛው ጥያቄ፦ ነዋሪው ዕቅዱን በማደስ ሐሳብ ላይ እንዴት ተሳተፈ? ማስረጃ አያይዙ።

እዚህ ላይ የሆነውን ለራሴም ቢሆን በእውነት ልጻፈው። ስለ ጽዳት ዘመቻ የተደረገ የድሮ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ከመደርደሪያው አወጣሁ። ፊርማው ብዙ ነው፣ ማኅተሙም ደማቅ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ብተረጉመው የጽዳት ስብሰባ እንደነበር ማን ያውቃል ብዬ አሰብኩ። ዘህራ ፋይሉን ከእጄ ወስዳ ወደ ቦታው መለሰችው። አልተቆጣችም። "ነገ ሎጊያ እንሰብስባቸው" አለች፣ በቃ።

"በአንድ ቀን ማን ይመጣል? ደብዳቤ እንኳ አልወጣም!" ብላት ሳቀች። ወደ ገበያው መንገድ ወጥታ ግመል ይዘው የሚያልፉ ሁለት ሰዎችን ብቻ አነጋግራ ተመለሰች። ዳጉ አለ ለካ። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ተቀምጦ ወሬ ሳይለዋወጥ አያልፍም፤ ነገሩ እስኪመሽ አገር ምድሩን ያዳርሳል። ለሹፌሮቹና ለሻይ ሻጮቹ ደግሞ ሎጊያ ጋራዥ ያለው በላይ ይነግርልናል። ግቢውንም ሰጥቶናል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለው፦ "ጎማዎቹ ላይ ተቀመጡ፣ ወንበር የለኝም።"

ረቡዕ

መጡ! ሃያ ሰው ቢመጣ እጄን ወደ ሰማይ እዘረጋለሁ ብዬ ነበር፤ ጎማው አልበቃ ብሎ የቆመው ይበልጥ ነበር። ሹፌሮች፣ ረዳቶች፣ ሻይ ሻጮች፣ ፍየል ይዘው የመጡ እናቶች፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ያጋደሙ ሽማግሌዎች። በላይ አንድ የተበላሸ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ገፍቶ አውጥቶ ቦታ አሰፋልን።

እኔ በአማርኛ ጀመርኩ፣ ዘህራ ወደ አፋርኛ ትመልሳለች። "ዘላቂ ልማት" ብዬ ስጨርስ ዘህራ አጭር ነገር ተናገረች፤ ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። ምን ብለሽ ነው ብላት፣ "የልጅ ልጆቻችሁ እዚሁ ይኖራሉ ወይስ ተነቅለው ይሄዳሉ አልኳቸው" አለችኝ። ያን ሁሉ አንቀጽ በአንድ አረፍተ ነገር!

የጠየቁትን እንደመጣ ጻፍኩ፦
ሹፌሮቹ — ሽንት ቤትና ጥላ።
ሻይ ሻጮቹ — ውሃ፣ ጥላ፣ አቧራው ይቀነስልን።
ሽማግሌዎቹ — ግመሎቻችን አስፋልቱን የሚሻገሩበት የታወቀ ቦታ፤ መኪና እየጨረሰብን ነው። ግመሎቹ ውሃ ጠጥተው እስኪመለሱም ለእኛ ጥላ።
በላይ — "ለእኔ ምንም። እሺ፣ ጥላ።"

ከዚያ እማማ ኻዲጃ የሚባሉ እናት ተነሱ። ቀጭን፣ ረዥም ሴት ናቸው። ካርታውን ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቅለነው ስለነበር ቀርበው ብዙ ካዩት በኋላ ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ። ይሄ ምንድነው ብለው በዘህራ በኩል ጠየቁኝ። አዲሱ ትምህርት ቤት የሚሠራበት ነው አልኩ፣ ደስ እንዲላቸው ፈገግ ብዬ። እሳቸው ፈገግ አላሉም። ዘህራም ስትተረጉም ድምጿ ቀነሰ፦ "እዚያ ውሃ ያልፋል ትላለች።"

ሜዳ እኮ ነው፣ ወንዝ የለበትም አልኩ። የእማማ ኻዲጃ መልስ ይሄ ነበር፦ "ስንሰፍር ቤት የምንተክለው እኛ ሴቶች ነን። ውሃው በየት እንደሚሄድ ካላወቅን ልጆቻችንን ነው የሚወስደው። ነገ በጠዋት ነይ፣ አሳይሻለሁ።"

ለሰባተኛው ጥያቄ ማስረጃ አግኝቻለሁ። ደስ ብሎኝ መግባት ነበረብኝ፤ የሴትየዋ ጣት ግን ከዓይኔ አልጠፋም።

ሐሙስ

ጎህ ሲቀድ ሄድን። እማማ ኻዲጃ ፈጣን ናቸው፤ እኔና ዘህራ እያለከለክን ነው የተከተልናቸው። ቦታው ለእኔ ዓይን ሜዳ ነው። እሳቸው ግን እንደ መጽሐፍ አነበቡልኝ። አንድ እሾሃማ ቁጥቋጦ አሳዩኝ፤ ጉልበቴ ድረስ ባለው ቅርንጫፉ ላይ የደረቀ ሣርና ጭራሮ ተጠምጥሟል። ውሃ ያመጣው ነው። ሌላው ድንጋይ ሁሉ ስለታም ሲሆን እዚያ ያለው ውሃ ያንከባለለው ድቡልቡል ነው። ጭቃው ደርቆ እንደ ተሰበረ ሸክላ ተሰነጣጥቋል።

"የእዚህ ዝናብ አይደለም የሚያመጣው" አሉ። "ከላይ፣ ከተራራው ነው። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ድንገት ይመጣል። አንድ ጊዜ ልጄን አዝዬ ሮጫለሁ።"

ልጁስ ብዬ ጠየቅኩ፣ ፈራ ተባ እያልኩ። ዘህራ ተርጉማልኝ ሳቀች። አሁን ሎጊያ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል።

ቢሮ እንደገባሁ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄጄ የመጀመሪያውን የወረቀት ካርታ ፈለግኩ፤ በእጅ የተሣለውን። አቧራውን አራግፌ ዘረጋሁት። አለ! ከተራራው ተነስታ ሜዳውን አቋርጣ የምትወርድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር፤ በትምህርት ቤቱ ቦታ መሐል ለመሐል።

ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ካርታ ላይ የለችም። ለምን እንደሌለች አውቃለሁ። ካርታውን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ወር። ያቺን መስመር ሳያት የእስክሪብቶ ቀለም የነካው መሰለኝ። አጠፋኋት። ካርታው ንጹህ እንዲሆን ብዬ! ያን ዕለት "ቆንጆ አድርገሽ ሠርተሽዋል" ተብዬ ተመስግኛለሁ።

ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ዘህራ ቀዝቃዛ ውሃ አመጣችልኝ። ከዚያ ሁለቱንም ካርታ ይዤ አቶ ሁመድ ጋ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ እኔ አልነበረም፦ "መሠረቱ ተቆፍሯል?"

አልተቆፈረም። ድንጋይ የሚራገፈው በሚቀጥለው ወር ነው።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ፣ "ሂጂ፣ ማመልከቻውን ጨርሺ።"

ዓርብ

ማመልከቻውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ጻፍኩት። ያሁኑ እኔ የጻፍኩት ይመስላል። ስለ ግመል መሻገሪያ፣ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ጥላ። "ዘላቂ" የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያለው፤ ዘህራ ፈቅዳ። ሦስተኛው ጥያቄ "ያለው ዕቅድ ክፍተቱ ምንድነው?" ይላል። እዚያ ላይ ስለ ሰማያዊዋ መስመር ጻፍኩ። ማን እንዳጠፋትም ጻፍኩ።

አቶ ሁመድ ሲያነቡ እዚያ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሰናይት፣ ሰው እንግዳ ሲጠራ ቤቱን አሳምሮ ነው። ስንጥቁን እያሳየን እንጠራለን እንዴ?"

እውነታቸውን ነው። እኔም ብሆን ስሜን ማየት አልፈልግም ነበር። ዘህራ ናት የመለሰችላቸው፦ "አቶ ሁመድ፣ ዕቅዱ ምንም ካልጎደለው ለምን ይታደስልን እንላለን?"

ጁምዓ ደርሶ ስለነበር ወረቀቱን ኪሳቸው ከተው ወደ መስጊድ ሄዱ። ከሰዓት ሲመለሱ ወረቀቱ ተፈርሞ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ሰርዘዋል፦ ስሜን። በላዩ ላይ "ቢሮአችን" ብለው በእጃቸው ጽፈዋል። "አንቺ ስትገለብጪ እኛም በደንብ ሳናይ ነው የፈረምነው" አሉኝ።

ሽንት ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። ደስ የሚል ለቅሶ ነበር።

ቅዳሜ

ጠዋት ሁለት ሰዓት። ኔትወርክ የለም።
ሦስት ሰዓት። አለ፤ ፋይሉ ግን ከብዶ አልሄድ አለ። ካርታው ነው።
አራት ሰዓት። ካርታውን አሳነስኩት፤ ሰማያዊዋ መስመር ጠፋች! ዘህራ "ደግመሽ አጠፋሻት?" ብላ ወለሉ ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። እኔም መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ከዚያ አብሬያት ሳቅኩ። አወፍሬ እንደገና ሣልኳት።
አምስት ተኩል። በዘህራ ስልክ አገናኝተን፣ ስልኩን መስኮቱ ላይ አቁመን፣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን። ሄደ!

አምስት ሰዓት ከአርባ አንድ ላይ "ደርሶናል" የሚል መልስ መጣ። አቶ ሁመድ አስነበቡኝ። እንደገና አስነበቡኝ። ከዚያ ሎጊያ ወስደው ጥብስ ጋበዙን።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ። ልብስ አጠብኩ፤ በሙቀቱ ሳልጨርሰው ደረቀ። ለእናቴ ኮምቦልቻ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። "ታዲያ ያቺን ሴትዮ አመሰገንሻት?" አለችኝ። አላመሰገንኳቸውም! በሥራው ግርግር ረስቼዋለሁ።

ሰኞ

ከሁሉም በፊት እማማ ኻዲጃ ጋ። ስኳርና የሻይ ቅጠል ይዤ ከዘህራ ጋር ሄድኩ። ተቀብለው አስቀመጡትና ስለ ውሃው ለማን እንደነገርኩ ጠየቁኝ። ለእሳቸው ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ከሰዓት አቶ ሁመድ የትምህርት ቤቱን ግንባታ የሚከታተሉትን ሰዎች ይዘው ቦታው ድረስ ሄዱ። ከመካከላቸው አንዱ መሐንዲስ ደረቅ መሬት እያየ "የቱ ጎርፍ?" ይል ነበር። እማማ ኻዲጃ ክንዱን ይዘው ቁጥቋጦው ጋ አቆሙትና የደረቀውን ጭራሮ በእጁ አስነኩት። ቆየት ብሎ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

ማክሰኞ

ስልክ! ከድርጅቱ። አንዲት ሴት፣ ጥርት ባለ አማርኛ። ማመልከቻውን አንብበዋል፣ አንድ ጥያቄ ብቻ አላት፦ "ስህተታችሁን ራሳችሁ ጽፋችኋል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አይደርሰንም። ለምን ጻፋችሁት?"

ትላልቅ ቃላት ፈለግኩ፤ አልመጣልኝም። "ልጆች ሊማሩበት የነበረ ቦታ ስለሆነ" አልኩ። "ሌላም የጠፋ መስመር ይኖር ይሆናል ብለን ስለፈራን። ብቻችንን ማግኘት አንችልም።"

አመሰግናለሁ ብላ ዘጋችው። አበላሸሁት ይሆን? ዘህራ ደህና ብለሻል ትላለች። ዘህራ ሁሌም እንዲህ ነው የምትለው።

ረቡዕ

ወደ ሁለተኛው ዙር አልፈናል! ድጋፉ ተፈቀደ ማለት አይደለም፤ ደብዳቤው ይሄን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ነው የጻፈው። ሁለት ባለሙያዎች መጥተው ያያሉ፣ ከዚያ ይወስናሉ። ሌሎች ከተሞችም አልፈዋል፤ ስንት እንደሆኑ አልነገሩንም። ዘህራ ግን ኮሪደሩን እያጨበጨበች ዞረችው፤ ፋይናንሶች ደመወዝ የተጨመረ መስሏቸው ወጡ።

ሁለተኛው ወሬ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። የግንባታው ሰዎች የትምህርት ቤቱ ቦታ እንዲቀየር ተስማምተዋል። አቶ ሁመድ ይሄን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ከፍ አላለም፣ እጃቸው ግን ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ መታ አደረገ።

ገንዘቡ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ቢመጣስ እንዴት እንደምንሠራው ገና አላሰብነውም። ለጊዜው የማውቀው የነገን ነው፤ ለትምህርት ቤቱ የታሰቡ ሁለት ቦታዎች አሉ፣ በጠዋት ሄደን እናያቸዋለን። መሐንዲሱ መለኪያውን ይዞ ይመጣል፣ ዘህራም አለች። እኔ ደግሞ እማማ ኻዲጃ ቆመው ሳያዩት ካርታው ላይ አንድ ነጥብ እንኳ አላሳርፍም ብያለሁ። እሺ ብለዋል። ፍየሎቻቸውን ግን ይዘው ነው የሚመጡት።