አሥራ አንድ ሳምንት ከአራት ቀን

ካምፔቼ፣ ቅዳሜ ኦክቶበር 14 ቀን 2023
ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ፣ የክሊኒክ አግዳሚ ወንበር ላይ

ለማይመልስልኝ፣ ግን እንደሚያነበኝ ለማውቀው ጓልቤርቶ፣

እንደምን ሰነበትክ? እዚያ ያለህበት ኤንሴናዳ ብርድ ገብቷል ይላሉ፤ መርከብ ሥር ተኝተህ ስትበይድ ደረትህን ሸፍን። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ደብዳቤ እንዲያ ነው የሚጀመረው። ደህና አይደለሁም። ስልክ ያልደወልኩልህ ስልክ ላይ «እህ» ስለምትል ነው። «እህ» ከተባልኩ በኋላ ምን ልናገር እንደነበር ይጠፋኛል። ወረቀት እህ አይልም።

ወረቀቱን ብትገለብጠው ቤተ መጻሕፍታችን ለዛሬው የፀሐይ ግርዶሽ የበተነውን ማስታወቂያ ታገኛለህ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛው አንቀጽ «ግርዶሽ በነፍሰ ጡር ሴትም ሆነ በፅንሷ ላይ አንዳች ጉዳት አያደርስም፤ ሆድ ላይ ቀይ ሪባን ማሰርና መርፌ ቁልፍ መሰካት የቆየ እምነት እንጂ ሳይንስ አይደለም» ይላል። በደማቅ ፊደል ይታተም ብዬ የተሟገትኩትም እኔው ነኝ። ይህን የምጽፍልህ ሆዴ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮ፣ ሪባኑ ላይ ሦስት መርፌ ቁልፍ ተሰክቶ ነው።

እንግዲህ ገባህ። ነፍሰ ጡር ነኝ። ዛሬ አሥራ አንድ ሳምንት ከአራት ቀን ሞላኝ። በኦገስት ለአባትህ ሙት ዓመት መጥተህ አራት ሌሊት አድረሃል፤ ሦስቱን በረንዳው ላይ በገመድ አልጋ፣ አንዱን ግን ዝናብ ስለነበረ። መቁጠር አያቅትህም።

ዛሬ ደግሞ ደም አየሁ። ስለዚህ ነው እዚህ የተቀመጥኩት። ዶክተሯ የለችም፤ ጣራ ላይ ወጥታ ግርዶሹን እያየች ነው፣ ፀሐይዋ ስትመለስ ትወርዳለች ተብያለሁ። እስክትወርድ ድረስ እጽፋለሁ።

ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ባለፈው በሰባተኛው ሳምንት ለሰው ሁሉ ተናግረን፣ ኋላ ቤት ለቤት እየዞርን «የለም» ስንል አልረሳሁትም። ዓሣ ሻጯ ሳትሰማ ቀርታ እስከ ገና ድረስ «ስንት ወርሽ ገባ?» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን «አምስት» አልኳት። ለማስረዳት ደከመኝ።

መጽሐፍ ግን አለኝ፤ ታውቀኛለህ፣ ያለ መጽሐፍ አላስነጥስም። እርግዝናን ሳምንት በሳምንት ይተነትናል። ጸሐፊው ርቦት ይሁን አላውቅም፣ ልጁን በየሳምንቱ ከሚበላ ነገር ጋር ያስተያየዋል፤ ዘቢብ፣ የወይራ ፍሬ፣ እንጆሪ። አሁን ሎሚ ላይ ደርሰናል። ጣቶቹ ተለያይተዋል፣ ጥፍር ጀምሯል ይላል። ስለ እናትየው ደግሞ፦ ቀሚስሽ ወገቡ ላይ እምቢ ይልሻል፣ ድድሽ ይደማል፣ ሽንት ቤት ትመላለሻለሽ፣ ሕልም ይበዛብሻል፣ ትዘነጊያለሽ። አንዱም አልቀረብኝም። የመጻሕፍት ክፍሉን ቁልፍ ባለፈው ሳምንት ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ እንቁላሎቹ መሀል አገኘሁት። ከዚያ ቀጥሎ አንድ መስመር አለ፦ «በዚህ ወቅት ማቅለሽለሹ ሊተውሽ ይችላል፤ እንኳን ደስ ያለሽ!»

እንኳን ደስ ያለሽ ይላል፣ በቃለ አጋኖ።

ሐሙስ ጠዋት ማቅለሽለሹ ተወኝ። እናትህ ያቺን የሻርክ ግልገል ዓሣ በቲማቲም እየሠሩ ነበር፤ ወር ሙሉ ሽታዋ ከጓዳ ሲመጣ እኔ በጓሮ በር እወጣ ነበር። ሐሙስ ቁጭ ብዬ በላሁ። በበቆሎ ቂጣ እየጠቀለልኩ፣ አራት። ጓልቤርቶ፣ አራት! ከዚያ ክፍሌ ገብቼ ትራስ ነክሼ አለቀስኩ። በባለፈውም እርግዝና እንዲሁ ነበር፤ ማክሰኞ ተወኝ፣ አንተ አይስክሬም ገዝተህ መጣህ፣ ተሳሳቅን፤ ዓርብ ዕለት ሐኪሙ ስክሪኑን ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ አዞረው። ልቡ ከቆመ ሦስት ቀን ሆኖታል አለን። ማለት አይስክሬሙን ስንበላ።

ትናንት ሆን ብዬ ዓሣ ተራ ሄድኩ። ከሆድ ዕቃ መጣያው አጠገብ ቆሜ በረጅሙ ሳብኩ። ምንም። ጭራሽ ራበኝ።

ዛሬ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ግቢ ሕፃናቱን በካርቶን መነጽር አሰልፌ፣ ድምፅ ማጉያ ይዤ ስለ ጨረቃ ምሕዋር ስናገር እናትህ በገበያ ቦርሳቸው መጡ።

«ነይ ወዲህ፣ አንቺ ምሁር።»

«ዶኛ ክሪሳንታ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ፀሐይዋም ሥራ ላይ ናት። ነይ!»

የድሮ ጋዜጦች የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ አስገቡኝና በሩን በጀርባቸው ዘጉ። «ቀሚስሽን ግለጪ።»

«ለምን?»

«ወር ሙሉ ፓፓያዬ ሥር ስታስመልሺ ከርመሽ ለምን ትይኛለሽ? ዛፉ እንኳ ወፈረ እኮ!»

«ማስታወቂያዬን አላነበቡትም?»

«አንብቤዋለሁ። ግሩም ጽሑፍ ነው። እጅሽን አንሺ።»

አሰሩልኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን ከሐሙስ ወዲህ የማንንም እርዳታ የምመልስበት ጉልበት የለኝም፤ ጠንቋይ ቢመጣ ወረፋ እይዛለሁ። «ጨረቃ የልጁን ከንፈር በልታ እንዳትሰነጥቀው ነው» አሉ፣ መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየሰኩ። «አንድ ይበቃ የለ?» ብላቸው፣ «ለመጀመሪያው አላሰርኩልሽም፤ ለሁለተኛውም። ሦስተኛው የዚህ ነው» አሉኝ። ተመልሼ ሳይንሱን ቀጠልኩ።

የኦክቶበርን ሙቀት ታውቀዋለህ። አምስት ሰዓት ሲያልፍ ብርሃኑ እንደ ቆርቆሮ ሆነ፣ ወፎቹ ዝም አሉ፣ ሕፃናቱ «ኧረ እዩ! እዩ!» ይላሉ፤ እኔ ጭኔ ላይ ለብ ያለ እርጥበት ሲወርድ ተሰማኝ። ድምፅ ማጉያውን መሬት አስቀምጬ ሽንት ቤት ገባሁ። ቀይ ነው። ጭኔ ላይ ቀይ፣ ነጩ የውስጥ ልብሴ ላይ ቀይ። አንድ ጊዜ አየሁ። ደህና አድርገሽ ለምን አላየሽም እንዳትለኝ፤ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ደህና አድርጌ አይቻለሁ።

ስወጣ እናትህ ፊቴን አይተው ተረዱ። ከንባብ ክፍሉ የጠረጴዛ ልብስ ገፈው ፀሐይዋ እንዳታየኝ ከነራሴ ሸፈኑኝ፣ መንገድ ላይ አወጡኝ። ታክሲ ቆሞልናል፤ የቆመው ግን ለእኛ አይደለም፣ ሾፌሩ መንገድ መሀል ወርዶ ሰማይ እያየ ነው።

«ምን ሆነው ነው የተሸፈኑት?» አለ።

«ሙሽራ ናት፤ ንዳ!» አሉት እናትህ።

የግርዶሹ ቀለበት፣ ስንት ወር ስጠብቀው የከረምኩት የእሳት ቀለበት፣ ካምፔቼ ላይ ሲያበራ እኔ ታክሲ ውስጥ የጠረጴዛ ልብስ ለብሼ ጉልበቴን ገጥሜ ነበር። የገጠምኩት ልጁ እንዳይወርድ ነው። ሰው እንዲህ አይሠራም፤ አውቃለሁ። ገጠምኩ።

እዚህ ስንደርስ ነርሷ ፎርም አወጣች። ዕድሜ? ሠላሳ ዘጠኝ። ቀና ብላ አየችኝ። ስንተኛ እርግዝና? ሦስተኛ። በሕይወት ያሉ ልጆች? ዜሮ። የጨነገፈ? ሁለት። የአባት ስም? ስምህን ነገርኳት። ከዚያ ሳላስበው «እሱም ሁለት አጥቷል፤ እሱንም ይጻፉልኝ» አልኳት።

«እህቴ፣ ለእሱ ቦታ የለውም ፎርሙ» አለችኝ።

ሁለተኛውን ያጣን ቀን ሆስፒታሉ በር ላይ «ሂድ፣ አንተ ምን ጎደለብህ?» አልኩህ። ለስድስት ወር ሥራ ነው ብለህ ሄድክ፤ ይኸው ሦስተኛ ዓመትህ። እዚህ ላይ ልጽፈው የፈለግኩት ሌላ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ጠሩኝ፣ ልግባ።

ሰባት ሰዓት ከሩብ፣ እዚያው ወንበር ላይ

መጀመሪያ ያየሁትን በቅደም ተከተል ልንገርህ፤ ካልሆነ አልችልም።

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፤ የግርዶሽ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ እንደ ሰካች መጣች። ሪባኑን ፈታችው። በእርጥብ ጥጥ ጭኔን ጠረገች፣ ጥጡን ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው፣ አሸተተችው።

«ዶኛ፣ ሪባኑን ከየት ገዙት?» አለች ወደ እናትህ ዞራ።

«ከዋናው ገበያ፣ ከመግቢያው ሦስተኛው ሱቅ። ምነው?»

«ቀለሙ ይለቃል። ይሄ ደም አይደለም፤ በላብ የወረደ ቀለም ነው። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ሆነው ሲመጡ እሳቸው ሦስተኛዋ ናቸው።»



«ቀይ ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ፣ ሌባ!» አሉ እናትህ።

«ቀይስ ቀይ ነው፣ ዶኛ።»

አንተ እዚህ ላይ ትስቃለህ። እኔ አልሳቅኩም፤ ቀለም ሐሙስን አያስረዳም። «ማቅለሽለሹ ተወኝ» አልኳት፣ ወንጀል እንደሚናዘዝ ሰው። «አራት በላሁ።» እንኳን ደስ ያለሽ አላለችኝም፤ ይህን ውለታዋን አልረሳም። «እንየው» አለች ብቻ። ያን ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችኝ። ስክሪኑ ወደ እሷ ዞሮ ነበር። መሣሪያውን ሆዴ ላይ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሰች። አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው። እኔ በአምስቱ ሰከንድ ለማን ምን ብዬ እንደምናገር፣ ለማን መጀመሪያ እንደምነግር፣ ለአንተ መጻፍ እንዳለብኝ ወይም እንደሌለብኝ ጨርሼ ወሰንኩ። ጣራውን እያየሁ ነበር፤ ጣራው ላይ የተሰነጠቀ ነገር አለ፣ ብትጠይቀኝ አሁንም ልስልልህ እችላለሁ።

ከዚያ ድምፅ መጣ። የዓሣ ጀልባ ሞተር ማለዳ እንደሚነሣው፣ ተጣድፎ። «መቶ ስድሳ አራት» አለች፣ ስክሪኑንም ወደ እኔ አዞረችው። አየሁት፣ ጓልቤርቶ። ሎሚ አይመስልም። ሰው ነው የሚመስለው፣ ለዚያውም ሳይፈልግ የቀሰቀሱት ሰው፤ ተወራጨና እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ጣቶች አሉት። እናትህ አማተቡ፣ ከዚያ ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አይተው «አፍንጫውን ተመልከቺ፣ የእኛው ነው፤ ምስኪን» አሉ።

ማቅለሽለሹ የሚተወው በዚህ ሰሞን የእንግዴ ልጁ ሥራውን ስለሚረከብ ነው አለችኝ ዶክተሯ፤ ብዙ ሴቶችን ይተዋቸዋል፣ መልካም ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ዓሣ እያሸተትኩ የሞትኩት ለካ በርክክብ ጉዳይ ነው። «እንግዲህ አደጋው አለፈ?» አልኳት።

«ቀንሷል። አላለፈም። ውሸት አልነግርዎትም፤ በሁለት ሳምንት እንተያይ።»

ስለዚህ ደስ ብሎኛል ብዬ አልጽፍልህም። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። እስከ ዛሬ ድረስ ሞቶብኝ ይሆናል ብዬ ነበር የምፈራው፤ አሁን በሕይወት እንዳለ በዓይኔ አይቼ እፈራለሁ። ይኼኛው ይብሳል። ያኛውን ለምጄው ነበር።

ና አልልህም። ሥራ አለብህ፣ መንገዱም ከአገሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ነው። ለማወቅህ ያህል ግን ቀጠሮው ሰኞ ኦክቶበር 30 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ አራት ቁጥር፣ በግራ በኩል ያለው በር፣ ነርሷ ስም ከጠየቀችህ ፎርሙ ላይ አለህ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ከአልጋው ራስጌ አንድ ወንበር ብቻ አለ። እናትህ ጉልበታቸውን እያመማቸው ምርመራው እስኪያልቅ ቆመው ነው የዋሉት። ዶክተሯ ሁለቴ «ይቀመጡ እንጂ ዶኛ» አለቻቸው። እኔም «ኧረ ይቀመጡ» አልኳቸው።

«ሰው አለው» አሉን።

ዓይንህን ከብየዳው እሳት፣ እጅህን ከብረቱ አምላክ ይጠብቅልኝ።

ኤልሲ