ሦስቱም ደህና ናቸው አልኩ

ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደባርቅ

ወንድሜ ትዕዛዙ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ዛሬ ሳልዋሽ አልቀረሁም። ሰው ልጎዳ ብዬ አይደለም፤ ሲጠይቁኝ አፌ ላይ የቀረበውን ቃል ተናገርኩ። ነገ ሰዎቹ በዚያ ቃል ይፈርማሉ። ከመፈረማቸው በፊት ማስተካከል አለብኝ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ለአንተ መጻፍ ያለብኝ ነገር አለ። ስልክ እንደማታነሳ ስለማውቅ በደብዳቤ አደረግኩት። አብሮህ የሚሠራው ዘመነ እሁድ ወደ ሻኪሶ፣ ወደ ወርቅ ቁፋሮው ስለሚመለስ እሱ ያደርስልሃል።

እኔ አሁንም አክስቴ ብርሃኔ ሻይ ቤት ብርጭቆ አጥባለሁ። ትምህርቱን እንደተውኩት ነው። አባዬ ገብሱን አጭዶ ከምሮታል። ጠዋት ጠዋት ውርጭ ነው። ስለ እኔ ብትጠይቀኝ የምልህ የለኝም። ባለፈው ብርጭቆ ተሰብሮ እጄን ሲቆርጠኝ ደሙን ቀድማ ያየችው አክስቴ ናት።

ስለ ሞተሮቹ ልንገርህ፤ ይህን ትወዳለህ። አንድ ድርጅት ምጥ የያዛቸውን እናቶች መኪና ከማይገባበት መንደር ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሱ ስምንት ሞተሮች ሊገዛ ነው። ለመምረጥ ሦስት ዓይነት አመጡ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሦስተኛው አንተ የሸጥከው ዓይነት ነው፤ ግን አዲስ አድርገው አሻሽለውታል። አድቬንቸር ይሉታል። የፍጥነት መቁጠሪያ ሰዓቱ እንደ ስልክ ያበራል፣ ከፊቱ ነፋስ የሚከልል መስታወት አለው፣ ነውጥ የሚውጠው ሞላው ያንተን እጥፍ ነው። ብታየው እጅህን የነዳጅ ሰልባትዮው ላይ አሳርፈህ ትቆማለህ።

የሚነዳው ሃብተ ጊዮርጊስ የሚባል ከጎንደር የመጣ መካኒክ ነው። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ሲፈልጉ፣ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ዘቢደር ሻይ ቤት ገብታ፣ "አንቺ ነይ፤ ቀጭን ነሽ፣ ወሬም አታበዢ" አለችኝ። አምስት ኪሎ ገብስ በከረጢት አድርጋ ሆዴ ላይ በነጠላ አሰረችልኝ። ባለባጃጁ አንሙት አይቶ፣ "ይመኙ፣ ሳትዳሪ ነው እንዴ? ድግሱን ሳትጠሪን" አለ። ሲስተር ዘቢደር ዞራ፣ "ና ላንተም ልሰርልህ፤ ሁለተኛ ከረጢት አለ" ስትለው ባጃጁን አስነስቶ ሄደ።

ከከተማ እስከ ቡይት ራስ በኮረኮንቹ ወጣን። ከዚያ ወደ እኛ መንደር በሚያስወርደው የበቅሎ መንገድ ወርደን ተመለስን። በሦስቱም እንደዚሁ።

ቀዩ ቀላል ነው፤ ዳገቱ ላይ ግን አቅም አጥቶ ሁለት ቦታ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ምጥ የያዛት ሰው ወርዳ አትሄድም። ሰማያዊው ዝግ ያለ ነው። "ይሄ እኮ በቅሎ ነው፤ ልጓም ነው የጎደለው" እያለ ሃብተ ጊዮርጊስ ሲያማርረው ነበር። መቀመጫው ግን ሰፊና ዝቅ ያለ ነው፤ እግሬ ወደ ታች ተዘርግቶ ያርፋል፤ የምይዘው ብረትም አለው። አዲሱ ዳገቱን ሜዳ አደረገው። አንድም ቦታ አልቆመም። "ሞተር ማለት ይሄ ነው" አለኝ ሃብተ ጊዮርጊስ። ድንጋይ ሲመጣ እሱ እግሩ ላይ ብድግ ይላል፤ ነውጡን ጉልበቱ ይቀበለዋል። እኔ መነሳት አልችልም። የኋላው መቀመጫ ከፊተኛው ከፍ ስለሚል ፍሬን በያዘ ቁጥር ጀርባው ላይ እወድቃለሁ። የእግር ማሳረፊያው ወደ ላይ ስለሆነ ጉልበቴ ታጥፎ ገብሱን ወደ ጎድኔ ይገፋዋል። ሲገፋው አየሁት። አልተሰማኝም።

መሃል ላይ፣ "አንቺ፣ አለሽ? ወይስ ጆንያ ነው የጫንኩት?" አለኝ።

"አለሁ" አልኩት።

የግዥው ኃላፊ አቶ ያርጋል ወረቀት ይዘው ቆመው ነበር። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ነዳጁ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ፍሬኑ የሚጠየቀው ሃብተ ጊዮርጊስ ነው። እኔን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ከኋላ እንዴት ነበር?"

"ደህና ነው።"

ቀዩን እንዲህ አልኩ፤ ሰማያዊውንም፤ አዲሱንም። አቶ ያርጋል ሦስት ቦታ "ደህና" ብለው ጻፉ። "እንግዲህ ልጅቱ ልዩነት የለውም ብላለች፤ ጉልበት ያለውን እንወስዳለን" አሉ። ሲስተር ዘቢደር ትኩር ብላ አይታኝ፣ "እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። "አዎ" አልኩ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ለአዲሱ ይፈርማሉ።

ሻይ ቤት ተመልሼ ልብሴን ስቀይር ከጎድኔ በታች ጠቁሮ አየሁት። በጣቴ ስጫነው አመመኝ። አንድ ነገር ካመመኝ ቆይቷል። ደግሜ ተጫንኩት። ሆዴ ላይ የነበረው ገብስ ባይሆንስ ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ስለ እማ ማሰብ ማቆም አቃተኝ።

ትዕዛዙ፣ እማን በሞተርህ ወደ ጤና ጣቢያ የወሰድናት ቀን አንተ ከፊት፣ እማ መሃል፣ እኔ ከኋላ ደግፌያት ነበር። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ሳትዞር፣ "ይመኙ፣ እማ ደህና ናት?" አልከኝ። "ደህና ናት፤ ንዳ" አልኩህ። ደህና አልነበረችም። ራሷ ክንዴ ላይ ወድቆ ነበር፤ ከብዳኝ ነበር። ከዚያ ጀምሮ እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ወገብህን የያዘው የእኔ እጅ ነው። አንተ የእሷ መስሎህ ነበር።

"የገደልኳት እኔ ነኝ፤ መንገዱ ሳይሆን አነዳዴ ነው" ብለህ ሞተርህን ሸጠህ ስትሄድ አጠገብህ ቆሜ ነበር። አልተናገርኩም። አንተ ጠይቀሃል፤ የመለስኩት እኔ ነኝ። ብንቆም ኖሮ ምን እናደርግ እንደነበር አላውቅም። ሲስተር ዘቢደርን ልጠይቃት እፈልግና እፈራለሁ። ለምን ደህና ናት እንዳልኩህም አላውቅም። ካልተናገርኩት የማይሆን መስሎኝ ይሆናል።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ገና ነው። ብቻ በራስህ ላይ አትፍረድ። አባዬ በሰው ፊት አያነሳህም፤ ዘመነ ከመጣ ወዲህ ግን በየቀኑ እየጠራ ሻይ ይጋብዘዋል፤ አንተን ያየ ሰው ስለሆነ ነው።

አንተ በምትቆፍረው ጉድጓድ እመቤታችን አፈሩን ትያዝልህ። እንጀራህን አታሳጣህ፤ ብርዱንም ሙቀቱንም ታቅልልህ።

ነገ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቢሮው በር ላይ እቆማለሁ። አቶ ያርጋል ሲመጡ የጻፉትን እንዲሰርዙልኝ እጠይቃቸዋለሁ። ሰማያዊው ይሻላል እላለሁ። ትናንት ደህና ነው ብለሽ አልነበረም ወይ ካሉኝ፣ ስለ እማ እነግራቸዋለሁ፤ አሁን ለአንተ በነገርኩህ ዓይነት፣ ሰው ቢሰማም።

እህትህ
ይመኙሻል