ጥቁሩ ቪዲዮ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱

መሪጌታ ዛሬም ከደሴቱ በጀልባ ተሻግረው ቢሮ መጡ። የሚፈልጉት የሟቹን መምህራቸውን ዜማ ነው። አምና አንድ ዲያቆን በስልኩ ቀድቶ ለእኛ መዝገብ ቤት አስረክቦ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የፋይሉን ዓይነት «ድምፅ» ብዬ አጣራሁ፤ የለም። «ምስል» አልሁ፤ የብራና ፎቶ ብቻ። ግራ ቢገባኝ ወጣ ብዬ ለዲያቆኑ ደወልሁ።

«በቪዲዮ ነው እኮ የቀዳሁት» አለኝ። «መምህሩ ድምፄን እንጂ መልኬን አትቅዳ ስላሉኝ ስልኩን በጋቢዬ ሸፍኜው ነበር። ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ግን ጨለማ ነው። እኔ ጋ የለም፤ ያ ስልክ ሐይቅ ገብቷል።»

ባለፈው ሳምንት ቦታ ሞልቶ ኃላፊዬ «የማይረባውን አጥፊ» ሲለኝ፣ «ቪዲዮ» ብዬ አጣርቼ ጥቁር ጥቁሩን ሁሉ ሰረዝሁ። አንዱንም ከፍቼ አልሰማሁም።

ተመልሼ ስገባ መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ከፊቴ ተቀምጠዋል። የምፈልግ ለመምሰል ድምፅ፣ ምስል፣ ቪዲዮ እያልሁ ስቀያይር ዋልሁ። ውኃ ልጠጣ እንኳ ከወንበሬ መነሣት ፈራሁ።

የጀልባው ሰዓት ሲደርስ ተነሡ። «አይዞሽ ልጄ፣ ነገም እመጣለሁ። የሥራሽን ዋጋ እሱ ይክፈልሽ» ብለው መረቁኝ።

አሜን አልሁ።