ስለ ተቆረጠው ጓጉንቸር የቀረበ ማብራሪያ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ ጤና በግቢዎ ውስጥ በቀላሉ የሚገኝ ነገር አለመሆኑን መቼም ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የአልትራሳውንድ ክፍሉን ጓጉንቸር ለምን እንደቆረጥኩ በጽሑፍ እንዳስረዳ ስላዘዙኝ፣ ሰው ሁሉ በሚያነበው ደብዳቤ ላስረዳዎት ተነሥቻለሁ።

እኔ የብረት በር ሠሪ ነኝ። ባለቤቴ በሰባት ወሯ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ልጃችን ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም ነበር። ማሞቂያ ውስጥ በገባች በዘጠነኛው ቀን በቱቦ የሚሰጣትን ወተት መመለስ ጀመረች፤ ግራ እጇም ይንቀጠቀጥ ጀመር። የክፍሉ ነርስ እርግብግቢቷን በጣቷ ዳበስ ስታደርገው ፊቷ ተለወጠ። «አብጧል፣ ወንድሜ። ኢንፌክሽኑ አንጎሏ ገብቶ እንደሆነ በዚህችው ለስላሳ ቦታ በኩል በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል። አያማትም፤ ከማሞቂያውም አትወጣም» አለችኝ።

አንደኛ፣ ስለ መሣሪያው አመሰግናለሁ። ከልጄ ማሞቂያ አሥራ አራት እርምጃ ርቆ፣ ላስቲኩ ሳይገፈፍ ተቆልፎበት ነበር፤ እርምጃውን የቆጠርኩት ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ነው። የክብር እንግዳ መጥቶ እስኪመርቀው ድረስ ማንም እንዳይነካው በፊርማዎ ማዘዝዎ ለዕቃ ያለዎትን ርኅራኄ ያሳያል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥርዓት አክባሪነትዎ። ሦስት ቀን ጸሐፊዎ ፊት ቆሜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስባል፣ የልጄ ሐኪም የጻፈልዎት ደብዳቤ ደግሞ «ለሚመለከተው ክፍል» ተብሎ ተመራ። የሚመለከተው ክፍል የሚመለከትበት ዕቃ ተቆልፎበት እንደነበር ለማስታወስ ጊዜ እንዳላገኙ እረዳለሁ።

ሦስተኛ፣ ወደ ጓጉንቸሩ ልምጣ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ነርሷ መጥታ «መጋዝህን ይዘህ ና፤ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ» አለችኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሐኪሙ መሣሪያውን እየገፋ አምጥቶ መዳሰሻውን እርግብግቢቷ ላይ አሳረፈና ስክሪኑን አየ። አንጎሏ ውስጥ ያሉት ክፍተቶች መግል ሞልቷቸው ነበር። መድኃኒቱን ቀየረ፤ የተጠራቀመውንም በመርፌ ቀዳላት። «ትናንት ወዲያ አይተነው ቢሆን…» ብሎ ጀመረ እንጂ አልጨረሰውም። ልጃችን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ የእናቷን ጣት እንደያዘች አረፈች።

ክቡር ሆይ፣ ጥፋቴን አምናለሁ። ጥፋቴ ግን ጓጉንቸሩን መቁረጤ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ በር ስሠራ ኖሬ፣ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ በር ፊት ባርኔጣዬን አውልቄ ሦስት ቀን ፈቃድ መለመኔ ነው። ባለቤቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

ለትእዛዝዎ ሦስት ቀን ሙሉ ያደርኩ፣ በአራተኛው የዘገየሁ፣ ለዐሥራ አራት ቀን አባት የነበርኩ፣
አክባሪዎ በር ሠሪው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነርሷን በቅጣት ወደ መዝገብ ቤት እንዳዛወሯት ሰማሁ። ማሞቂያ ክፍሉ ውስጥ ዛሬ አምስት ጨቅላዎች ተኝተዋል፤ በጣቷ ዳብሳ ሕመማቸውን የምታውቅላቸው ሴት ግን ፋይል ትደረድራለች። ፋይል ደግሞ፣ እንደሚያውቁት፣ እርግብግቢት የለውም።